ባዶ ቤት ተረክቦ ፊኒሺንግ እስኪያልቅ፦ ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፕ ስለመጫን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ሰፈራችን ባለች አዳራሽ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቀልድ ወጥቷል፣ የረሳሁት ደግሞ ገብቷል። ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት፣ ከአንድ ቃል በላይ የሆነ የፕሮግራም ስም ደግሞ ቃላቱ በሰረዝ ይያያዛሉ።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ አግዳሚ አለ።

ኮንዶሚኒየም የተረከባችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ከግማሽ በላይ ናችሁ። ጥሩ፣ ሥራዬን አቀለላችሁልኝ።

ቁልፍ ተቀብላችሁ በሩን የከፈታችሁበትን ቀን አስታውሱ። ግድግዳ አለ፣ ጣሪያ አለ። የውሃ መስመር ገብቷል። የመብራት ገመድ ከግድግዳው ብቅ ብሏል። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነው። ቀለም የለም፣ ቁም ሳጥን የለም፣ መጋረጃ የለም። ቤት ነው፣ ግን እንግዳ አይጠራበትም። ከዚያ ፊኒሺንግ ይጀመራል። ፊኒሺንግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ኪሱ የሚራቆተው እዚያ ላይ ነው።

ሊኑክስም፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ እንደዚሁ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ከርነሉን ነው። መሠረቱንና አምዱን በሉት። በላዩ ላይ ሌሎች የሠሯቸው መሣሪያዎች ተጨምረው ቤቱ ቆመ። ባዶውን ስታስነሱት ጥቁር ስክሪን ነው፣ ጥግ ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ይሠራል። ሰርቨሮች ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያው ሆነው ያገለግላሉ። እኛ ግን መስኮት እንፈልጋለን፣ ማውዝ፣ ሜኑ፣ የዋይፋይ ምልክት፣ ጥግ ላይ ሰዓት። ይሄ ሁሉ ተሰብስቦ ዴስክቶፕ ኢንቫይሮመንት ይባላል። እኔ ለምላሴ እንዲቀል ዴስክቶፕ ብቻ እላለሁ።

ዊንዶውስ የለመደ ሰው ይሄ ነገር ግር ይለዋል። እዚያ መጋረጃው ከግድግዳው ጋር ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። እዚህ መጋረጃውን ራስህ ትመርጣለህ፣ ካልወደድከው አውርደህ ሌላ ትሰቅላለህ። ግድግዳው ያው ነው።

ለምን ዛሬ ይህን አነሳሁ? የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ብዙ ሰዎች ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳይሄዱ ማሽኖቻቸው የሚጠየቀውን አያሟሉም፤ ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ወይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ የለውም። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጡት አብዛኞቹ እንደዚህ ያሉ ናቸው። አካላቸው ጤነኛ ነው፣ ወረቀታቸው ነው ያለቀው።

አንድ ነገር ብቻ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ዴስክቶፕ መጫን ቀላል ነው፣ አንድ መስመር ነው። ከባዱ ምን እንደማይጫን መወሰን ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን በየስሙ እንወቀው። ከሥር ስክሪኑ ላይ የሚስለው አለ። ለረጅም ዘመን ይህን ሥራ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረው ኤክስ ነው። አሁን እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ቦታውን እየወረሰ ነው። ከሱ በላይ መስኮቶቹን የሚያንቀሳቅስ፣ የሚያሳንስ፣ የሚዘጋ ዊንዶ ማኔጀር አለ። ከዚያ ፓነሉ፣ ሴቲንጉ፣ ፋይል መክፈቻው። በር ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ፣ ስምና ፓስወርድ ጠይቆ የሚያስገባው። ዲስፕሌይ ማኔጀር ይሉታል። ይህን ዘበኛ ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ አድርጎኛል።

ለምን አንድ ዴስክቶፕ ብቻ አልሆነም? በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ማቲያስ ኤትሪክ የሚባል ጀርመናዊ ተማሪ፣ ፕሮግራሞቹ አንዱ ከሌላው በመልክም በጠባይም አይገናኙም ብሎ ተማረረና ኬዲኢን ጀመረ። ኬዲኢ የተሠራበት ኪዩት የሚባል መሣሪያ ግን ያኔ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ነፃ አልነበረም። ይሄ የከነከናቸው ሰዎች በዓመቱ፣ በ1997፣ ግኖምን ጀመሩ። ከፊት የነበሩት ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሜክሲኳውያን ናቸው። የኪዩት ፈቃድ በኋላ ተስተካከለ፣ ጠቡም በረደ። ሁለቱ ቤቶች ግን ተሠርተው ሰው ገብቶባቸው ነበርና ማንም አላፈረሰም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ግኖም 3 ሲመጣ መልኩን ከሥሩ ለወጠ። «ሜኑዬ የት ሄደ?» ያሉ ሰዎች አኮረፉ። አንዱ ወገን አሮጌውን ግኖም 2 አንስቶ ማቴ ብሎ ቀጠለ። የሊኑክስ ሚንት ሰዎች ሲናሞንን ሠሩ። ሚንት፣ እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ፣ ዲስትሮ ነው፣ ተዘጋጅቶ የሚታደል ሊኑክስ ማለት ነው። ማቴ ደቡብ አሜሪካ የሚጠጣ ሻይ ነው፣ ሲናሞን ቀረፋ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው የኛን ሰፈር ሻይ ቤት መሰሉ።

የኬዲኢው ዴስክቶፕ ዛሬ ፕላዝማ ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ እዚህ አገር የተማራችሁ እንዳትደነግጡ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሒሳብ ያስተማራችሁ ቴሌቪዥን አይደለም።

ከዚህ ወዲያ ቀለል ያሉት ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪዩቲ አሉ። ኤክስኤፍሲኢ ከኬዲኢ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ቶሎ ቶሎ አይለወጥም። አንዳንዱ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ለምጠግንላቸው ሰዎች ግን ትልቁ በረከቱ ይሄ ነው። ዘንድሮ ያሳየኋቸውን ለከርሞም እዚያው ቦታ ያገኙታል።

የትኛውን ልምረጥ ለሚል የኔ መልስ አጭር ነው። ራም 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ የወደዳችሁትን። 4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ። ከ4 በታች ከሆነ ኤልኤክስኪዩቲ፣ ከጸሎት ጋር።

ግን ራሳችንን አንሸውድ። ግኖምም ፕላዝማም 4 ጊጋ ላይ ይነሳሉ። አይነሱም ለሚላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ። ማሽኑን የሚያንቀው አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘሩ ነው። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ሆናችሁ 20 ታብ ከከፈታችሁ ያው መታነቅ ነው። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አስወጥታችሁ ኤስኤስዲ አስገቡ። የዴስክቶፕ ክርክር ግማሹ እዚያው ያበቃል። በጣም ያረጀ፣ ባለ 32 ቢት ማሽን የያዛችሁ ካላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለነዚህ ማሽኖች መጫኛ የለውም።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ።

ኡቡንቱ ላይ ከግኖም ጋር ተስማምቼ እኖር ነበር። አንድ ማታ ፕላዝማን ልሞክረው አልኩና ጫንኩት። አማረኝ። በሳምንቱ ኤክስኤፍሲኢን ጨመርኩ። ሦስት ዴስክቶፕ በአንድ ማሽን። ይፈቀዳል፣ መግቢያው ላይ የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ትገባላችሁ። ግን እያንዳንዱ ዴስክቶፕ ዘመድ አዝማዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ፋይል መክፈቻ ሦስት ሆነ። ጽሑፍ መጻፊያ ሦስት። ሴቲንግ የሚሉ ሦስት የተለያዩ በሮች። አንዱ ጋ የቀየርኩት ቀለም ሌላው ጋ ይበላሻል። ሜኑውን ስከፍት የመርካቶ ሱቅ መስሎ ይታየኛል።

የባሰው ግን በጭነቱ መሃል የመጣው ሰማያዊ ጥያቄ ነበር። የቱ ዘበኛ በር ላይ ይቁም ይላል፦ ጂዲኤም3፣ ኤስዲዲኤም፣ ላይትዲኤም። እኔ ቡና እየጠጣሁ ሳላነብ ኢንተር መታሁ። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ተነሳ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሱቅ ውስጥ ላፕቶፑን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ቆሟል። አየኝ፣ ጥቁሩን ስክሪን አየ። «የራስህ እምቢ ብሎህ የኔን ነው የምትጠግን?» አለኝ። ምን ይባላል።

መፍትሔው የሁለት ደቂቃ ነበር፣ እኔ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ላስቀምጥላችሁ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫኑ። መስኮት የሌለው ጥቁር መግቢያ ይመጣል። ስማችሁንና ፓስወርዳችሁን አስገቡ። ፓስወርድ ስትጽፉ ምንም አይታይም፣ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ እየጻፈ ነው። ከዚያ «ሱዶ ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር ላይትዲኤም» በሉ። ሱዶ ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለት ነው። ያው ሰማያዊ ጥያቄ ይመለሳል። አሁን አንብባችሁ ምረጡ፣ ሪቡት አድርጉ። ቤቱ ደህና ነበር፣ ዘበኛው ነው ያስቸገረን።

ወደ መጫኑ እንግባ። ዴቢያንን ከባዶ የምትጭኑ ከሆነ መጨረሻ ገደማ አንድ ዝርዝር ይመጣል። ግኖም፣ ኤክስኤፍሲኢ፣ ኬዲኢ፣ ሲናሞን፣ ማቴ፣ ኤልኤክስኪዩቲ እያለ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምልክት የሚደረገው በስፔስ ነው፣ ኢንተር ማለት ጨርሻለሁ ማለት ነው። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ቆሞ ኢንተር የሚመታ ሰው፣ ቀድሞ ምልክት የተደረገበትን ግኖምን ጭኖ ይነሳል። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣና «ኤክስኤፍሲኢ ከባድ ነው» ይለኛል። ግኖሙ ላይ ያለውን ምልክት በስፔስ አጥፉ፣ ኤክስኤፍሲኢ ላይ በስፔስ አድርጉ፣ ከዚያ ብቻ ኢንተር።

ሊኑክሱ አስቀድሞ ካለና ዴስክቶፕ ብቻ የጎደለው ከሆነ በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤክስኤፍሲኢ4»። አፕት ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም አውርዶ የሚጭነው ነው። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ተጠቅልለው የተዘጋጁ አሉ። ኩቡንቱ ዴስክቶፕ ስትሉ ፕላዝማ ከነአፕሊኬሽኖቹ ይመጣል። ዙቡንቱ ዴስክቶፕ ኤክስኤፍሲኢን ከነጓዙ ያመጣል። ዙቡንቱ ኮር ያለ ጓዝ ነው፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ፌዶራ ላይ በዲኤንኤፍ፣ አርች ላይ በፓክማን ነው የሚሠራው። እዚህ አርች የሚጠቀም ካለ የኔ ምክር አያስፈልገውም፣ እሱ ራሱ ሊያስተምረን ይነሳል።

ትእዛዙን ስትሰጡ አፕት ወዲያው አይጀምርም። ምን ምን እንደሚያመጣ ይዘረዝራል። መጨረሻ ላይ ይህን ያህል ይወርዳል፣ ይህን ያህል ቦታ ይይዛል ይልና ዋይ (ቀጥል) ወይስ ኤን (ተው) ብሎ ይጠይቃል። ይህች መስመር የዛሬው ንግግር ልብ ናት። አንብቧትና ኤን በሉ። አዎ፣ ኤን። ከዚያ ያንኑ ትእዛዝ መጨረሻው ላይ «ሰረዝ ሰረዝ ኖ ኢንስቶል ሪኮሜንድስ» ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ከነምርቃቱ ነበር፣ ሁለተኛው የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ የምትጭኑ ሰዎች ይሄ ልዩነት ብር ነው።

ግን ተጠንቀቁ፣ እኔ በዚህ ነገር አብዝቼ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጎረቤት አሉኝ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ማሽናቸውን አራግፌ እጅግ ቀጭን የሆነ ኤክስኤፍሲኢ ጫንኩላቸው። ኮራሁ። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ።

«ልጄ፣ ደብዳቤዬን ምን አደረግኸው?»

ሄጄ አየሁ። የዕድሩን ደብዳቤ ከፍተዋል። ከላይ እስከ ታች ሳጥን ነው። በየፊደሉ ቦታ አንዳንድ ባዶ ሳጥን፣ ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም መስኮት ተደርድሯል። የግዕዝ ፊደል ፎንት አልገባም። እኔ ምርቃት ብዬ ያስቀረሁት ውስጥ ነበር። ዋይፋይ ምልክቱም አልነበረም፣ ድምፅ ማስተካከያውም። ጋሼ ስለ ዋይፋዩ ምንም አላሉም፣ ደብዳቤያቸው ነው ያሳሰባቸው።

ስለዚህ ምርቃቱን ስታስቀሩ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት። ኤክሱን ራሱን በ«ዞርግ»፣ ዘበኛውን በ«ላይትዲኤም»፣ የኔትወርክ ምልክቱን በ«ኔትወርክ ማኔጀር ግኖም»፣ ድምፁን በ«ፓቩኮንትሮል»። ለፊደላችን «ፎንትስ ኤስአይኤል አቢሲኒካ» አለ፣ ቆንጆ ነው፣ ለንባብ አይጎረብጥም። ከኖቶ ፎንቶች ውስጥም ለግዕዝ የተሠራ አለ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር የተሰጣቸው የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ሁሉ ፎንቱ ካለ ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ ግን ሊኑክስም ብቻውን አያድነውም፣ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ለመጻፍ ደግሞ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይባስ አይባስ ኤም17ኤን» በሉ። አንዴ ወጥታችሁ ግቡ፣ አማርኛን ጨምሩ፣ ሴራ የሚለውን ምረጡ። ሰላም ለማለት አምስት ቁልፍ ነው፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። ስልካችሁ ላይ ከለመዳችሁት ብዙ አይርቅም። ጋሼ በአንድ ከሰዓት ለመዱት። እጃቸው ከኔ ይፈጥናል አሁን።

ሰፈራችን ያለን ሁለት ጠላቶች አሉ። አንዱ የዳታ ዋጋ ነው፣ ሁለተኛው መብራት።

ስለዚህ ማውረድንና መጫንን ለዩ። አፕት ትእዛዙ ላይ «ሰረዝ ዲ» ከጨመራችሁ ያወርዳል እንጂ አይጭንም። ሌሊት በሌሊት የዳታ ፓኬጅ አውርዱት። በማውረዱ መሃል መብራት ቢጠፋ ጉዳት የለውም፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ጠዋት መብራት መኖሩን አይታችሁ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ያንኑ ትእዛዝ ያለ ሰረዝ ዲ ስጡ። ኢንተርኔት ሳይነካ ይጭናል።

በጭነቱ መሃል መብራት ከጠፋ ግን ከወረዱት ፋይሎች ግማሹ የተከፈተ፣ ግማሹ ያልተከፈተ ይሆናል። እኔ ላይ ሦስት ጊዜ ደርሷል፣ ሦስቱም ጊዜ ዩፒኤስ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ። ማሽኑን አታራግፉ! ሰው ወዲያው ፎርማት ነው የሚለው። ጥቁሩ መግቢያ ግቡና «ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» በሉ። የተጀመረውን ሁሉ ይጨርሰዋል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ሰረዝ ሰረዝ ፊክስ ብሮክን ኢንስቶል»። ሦስቱም ማሽኖቼ በዚህ ተነሥተዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር። አፕት ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ፋይል ይጥላል። አሮጌው ታላቅ ወንድሙ፣ አፕት ጌት፣ አይጥልም፣ ያስቀምጣል። የሚያስቀምጠው ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ለአንድ ማሽን የወረደውን ለጎረቤት ማካፈል ከፈለጋችሁ አፕት ጌትን ተጠቀሙ። ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጡ፣ የሱ ማሽን ላይ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ዲስትሮውና ሥሪቱ አንድ ከሆነ ድጋሚ አይወርድም። ዝርዝሩ እንዳይለያይ ሁለታችሁም ቀረብ ባለ ጊዜ አፕዴት አድርጉ።

ኢንተርኔት ካፌ ወይም ትንሽ ማሠልጠኛ ያላችሁ ደግሞ አፕት ካሸር ኤንጂ የሚባል አለ። እንደ ጣሪያ ላይ ሮቶ አስቡት። አንድ ማሽን ላይ ትጭኑታላችሁ። ሌሎቹን በፖርት 3142 ከሱ እንዲቀዱ ታደርጋላችሁ። የመጀመሪያው ማሽን ሲጠይቅ ከውጭ ይሞላል። ሁለተኛው፣ አሥረኛው ሲጠይቅ ከሮቶው ይቀዳል። ለአሥር ማሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትከፍሉት።

አፕሊኬሽን ላይ ፈጠን ልበል። አንድ ፕሮግራም ዛሬ በሦስት መንገድ ይመጣል፦ በአፕት፣ በስናፕ፣ በፍላትፓክ። የኋለኞቹ ሁለቱ እያንዳንዱን ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ቋጥረው፣ ከቀሪው ቤት ለይተው ያመጡታል። ጥቅም አላቸው፣ አዳዲስ ሥሪት ቶሎ ይደርሳል። ግን ስንቃቸው ከባድ ነው። ለአንዲት ካልኩሌተር ብላችሁ ፍላትፓክ ስትጠሩ መጀመሪያ ለራሱ ማረፊያ የሚሆነውን አውርዱልኝ ይላል። ዋይፋይ ቤቱ ለገባ ሰው ችግር የለውም። በዳታ ፓኬጅ ለሚኖር ግን አፕት ይሻላል፣ ፕሮግራሞቹ አንድ ድስት ይጋራሉና። ኡቡንቱ ላይ ልብ በሉ፣ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ በአፕት ብትጠሩትም የሚመጣው በስናፕ ነው።

ከዴስክቶፓችሁ ቤተሰብ የሆነውን ፕሮግራም ምረጡ። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ሆናችሁ የኬዲኢ ፕሮግራም ብትጠሩ ይሠራል፣ ግን የኪዩትን ዘመዶች በሙሉ ይዞ ይገባል። ሊብረኦፊስ፣ ቪኤልሲ፣ ፋየርፎክስ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃሉ። ሌላውን ሲያስፈልጋችሁ ትጠሩታላችሁ፣ የትም አይሄድም።

ማጥፋት ከመጫን የበለጠ ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮምፒውተር ቪዲዮዎቹ የታወቀው ሊነስ ሴባስቲያን፣ ከቶርቫልድስ ጋር በስም ብቻ የሚገናኘው፣ ፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲም የሚባለውን የጌም ፕሮግራም ሊጭን ፈለገ። በዚያ ሰሞን የፕሮግራሙ መጫኛ ፋይል ላይ ስህተት ነበር። አፕት፣ ይህን ለመጫን ዴስክቶፑን አጠፋለሁ ብሎ ዘረዘረለት። ከዚያም ለመቀጠል «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚለውን ቃል በቃል ጻፍልኝ አለው፣ በእንግሊዝኛ። ሰውዬው ጻፈ። ዴስክቶፑ ጠፋ። ሚሊዮኖች አይተው ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም፣ የኔ ሰማያዊ ጥያቄ ትዝ አለኝና። ስለዚህ ሪሙቭ ወይም አውቶሪሙቭ ስትሉ የሚጠፉትን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የዴስክቶፓችሁ ስም እዚያ ውስጥ ካለ ኤን በሉና ሰው ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጠየቅሁ፣ ጥቂቱን ላስቀምጥ።

አንዲት እናት፣ «ልጄ ውጭ አገር ናት፣ በቪዲዮ ነው የምናወራው። ይሄ ነገር ካሜራ ያውቃል?» አሉ። እትዬ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል፣ በብራውዘር ይሠራል። ግን ዊንዶውሱን ሳናጠፋ በፍላሽ እናስነሳውና እንየው። ካሜራ፣ ድምፅ፣ ዋይፋይ። ሦስቱ ካልሠሩ አንነካውም። ዴቢያን ከ12ኛው ሥሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2023 ወዲህ፣ የዋይፋይ ፈርምዌሮቹን፣ ማለትም የዋይፋይ ካርዱ እንዲሠራ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች፣ መጫኛው ውስጥ አብሮ ስለሚይዝ የድሮው ጣጣ ቀንሷል።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ ስለ ፒችትሪ፣ ዊንዶውስ ላይ ስለሚሠራው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም፣ ጠየቀ። ይሄን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። ወንድሜ፣ እንጀራህ ፒችትሪ ላይ ከሆነ ዊንዶውስህን አታጥፋ። በዘዴ ይሠራል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን በሰው ደሞዝ ፋይል አልሞክርም። ሊኑክሱን ለሁለተኛው ማሽን አድርገው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ፣ «ሦስት ዴስክቶፕ አንድ ላይ ጭነህ ስለተበላሸብህ ነው አትጫኑ የምትለን። ባትጭነው ኖሮ በምን ታውቀው ነበር?» አለችኝ። አዳራሹ አጨበጨበላት። እውነቷን ነው። እኔ ጋ አንድ አሮጌ ማሽን አለ፣ ምንም ዶክመንት የለበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ስድስቱንም ትጫንበት፣ እስኪሞት ድረስ። ጋሼ ማሽን ላይ ግን አይሆንም።

አሁን መብራቱ ሳይጠፋ ወደ ጠረጴዛዎቹ እንሂድ። ዴቢያን ያለባቸው ሦስት ፍላሾች አሉኝ፣ ቀዩ ላይ ኤክስኤፍሲኢ አለ። ስትጨርሱ መልሱልኝ፣ ባለፈው ከአራት የተመለሰልኝ ሦስት ነው።